ዳቦዬን ያልቀመሰው ተረካቢ

ቡሬ ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች በሁለት ነገር ያሙኛል። ቂሟን አትረሳም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሰው አታመሰግንም ይላሉ፤ ይህ ግን ሐሰት ነው። የሚመሰገን ሰው ሲገኝ አመሰግናለሁ፤ የሚገኘው ግን ከስንት አንዴ ነው። አንድ ጊዜ አግኝቼ ነበር፤ በጊዜው አፌን ዘግቼ አሳለፍኩት። አሁን ዕድሜዬም ገፍቷል፣ ሌሎችም ነገሩን እንደፈለጋቸው ሲያወሩት እሰማለሁ። ስለዚህ እንደነበረው ልጻፈው።

ሱቃችን ከገበያው በላይ፣ አስፋልቱ ዳር ነው። ዘይት፣ ስኳር፣ ጨውና ሳሙና በጅምላም በችርቻሮም እንሸጣለን። "እንሸጣለን" የምለው ከልማድ ነው፤ ባለቤቴ ከሞተ ቆይቷል። አገራችን የበርበሬ አገር ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ የሚከርመው ገንዘብ በርበሬ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ይጎርፋል። ገበሬው በርበሬውን ሸጦ ወደ እኛ ሲመጣ ብሩ ራሱ ያቃጥላል። ቆጥሬ ስጨርስ ዓይኔን መንካት አልችልም ነበር።

ያን ገንዘብ ባንክ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ረጅምና የታወቀ ሰው ስለነበር ከሱቅ ሲወጣ አገር ያየዋል። እኔን ማንም አያየኝም። ብሩን በላስቲክ ጠቅልዬ ዘንቢል ውስጥ እከታለሁ፣ ከላዩ ዛላ በርበሬ እነሰንስበታለሁ፣ ከዚያ ወፍጮ ቤት እንደምትሄድ ሴት ነጠላዬን ተከናንቤ እወጣለሁ። በርበሬ ውስጥ እጁን የሚከት ሌባ የለም። የባንኩ ገንዘብ ቆጣሪ ገና ሳልደርስ ያስነጥሰው ነበርና "የእትዬ ብር መጣ" እያለ ወረፋ የያዘውን ሰው ያስቅብኛል። አሥራ ስንት ዓመት እንዲያ አመላለስኩ። አንዲት ብር አልጠፋችብኝም። ይህን የሚያነሣልኝ ሰው ግን የለም።

ኋላ ባንኩ ገንዘብ የማጓጓዙን ሥራ ለአንድ የግል ድርጅት በውል ሰጠ። የድርጅቱ ቢሮ ፍኖተ ሰላም ነው። መኪናው ከደምበጫ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ በኩል ቡሬ ይደርሳል። የባንኮቹን ገንዘብ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያደርሳል፤ እግረ መንገዱን የትልልቅ ነጋዴዎችን ሽያጭ ሰብስቦ ባንክ ያስገባል። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ መጥቶ ይህን ለባለቤቴ ሲያስረዳ እኔ ስኳር እየመዘንኩ እሰማ ነበር። "እትዬም ያርፋሉ" አለ፣ ደግ የሠራልኝ መስሎት። ዘንቢሌን እንደቀማኝ ነው የቆጠርኩት።

መኪናው የመጣ ዕለት ገበያ ነበር። ብረት ለበስ ነው፣ መስኮቱ ጠባብ። ሁለት ታጣቂዎች ወርደው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ቆሙ፤ አንደኛው በሬ የሚያህል ሰው ነው። ወደ ውስጥ የገባው አንድ ብቻ ነበር፤ ተረካቢው። ከሰከላ ወገን፣ ከግሽ ዓባይ አካባቢ የመጣ፣ አርባውን ያለፈ፣ ቀጭንና ዝምተኛ ሰው። ሰላምታ ከሰጠ በኋላ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል "ደንበኞች ይውጡ፤ በሩ ይዘጋ" የሚል ነበር።

"በገበያ ቀን በሬን ልዝጋ?" አልኩት።

"አምስት ደቂቃ ነው እትዬ።"

"አምስት ደቂቃ ውስጥ ስንት ሰው ወደ ጎረቤት እንደሚሄድ ታውቃለህ?"

"አላውቅም። በሩ ክፍት ሆኖ ስንት ሰው እንደሚገባ ግን አውቃለሁ።"

በሩ ተዘጋ። አሠራራቸው እንዲህ ነው። ብሩን የምቆጥረው እኔ ነኝ፣ ከረጢቱ ውስጥ የምከተውም እኔ ነኝ። ከረጢቱ ቁጥር ባለው የላስቲክ ማሸጊያ ይታሰራል፤ ማሸጊያው አንድ ጊዜ ከተቆለፈ ካልተቆረጠ አይከፈትም። ተረካቢው ብሩን በጣቱ አይነካም፣ ዓይኑንም ወደ ግድግዳው ያደርጋል። ከታሸገ በኋላ ዞሮ የማሸጊያውን ቁጥር ጮክ ብሎ ያነባል፤ እኔም ደግሜ አነባለሁ። ሁለታችንም እንፈርማለን። ነጩ ደረሰኝ ከከረጢቱ ጋር ይሄዳል፣ ሮዙ ለእኔ ይቀራል።

የዚያን ዕለት ሮዙን ወረቀት በንዴት መሬት ጣልኩት። ከረጢቱን አንሥቶ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። ቆመ።

"እትዬ፣ ወረቀቱን ያንሡት።"

"ከፈለግከው አንሣው።"

"እኔ ካነሣሁት የእኔ ይሆናል። ወረቀቱ የእርስዎ ነው። እርስዎ ሳይዙት ከዚህ በር አልወጣም።"

ውጭ ያለው ታጣቂ በሩን ሁለት ጊዜ አንኳኳ። ተረካቢው ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ጎንበስ ብዬ አነሣሁት። ባለቤቴ ከዘይቱ ጀሪካን ጀርባ ሆኖ በሳቅ ይንፈራፈራል። "በሠላሳ ዓመት ትዳር አንድ ቀን ጎንበስ ስትል አላየኋትም! አንተ ሰው፣ ምን አድርገህ ነው?" አለው። ተረካቢው አልሳቀም። ባለቤቴ ያን ማታ በሩ ጀርባ ምስማር መትቶ ሽቦ አንጠለጠለና ወረቀቱን ሰካበት። ከዚያ ወዲያ የመጣ ሮዝ ወረቀት ሁሉ እዚያ ሽቦ ላይ ተሰካ።

ይህን ችዬው ነበር። ያልቻልኩት የዳቦውን ነገር ነው።

የገብርኤል ማኅበር ተራዬ ደርሶ ሴቶቹ ሁሉ ከሱቁ ጀርባ ካለው ግቢያችን ተሰብስበው ነበር። በእኛ አገር በበዓል ቀን በደጅ የሚያልፍ ሰው ሳይቀምስ ከሄደ ነውሩ የቤቱ ነው። ቀርቦለት እምቢ ካለ ደግሞ ወይ ተጣልቷል ወይ መድኃኒት ይሰጡኛል ብሎ ጠርጥሯል ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። መኪናው ሲመጣ ድፎዬን ቆርሼ፣ ጠላውን አስይዤ፣ ሴቶቹ እያዩኝ ወጣሁ።

"እንኳን አደረሳችሁ። ቅመሱ" አልኩ።

"እንኳን አብሮ አደረሰን። ዓመት ዓመት ያድርስልን እትዬ። አንቀምስም" አለ ተረካቢው።

"ትጾማላችሁ?"

"አንጾምም።"

"ታዲያ ዳቦዬ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም። ጉዞ ላይ ሳለን ከደንበኛ እጅ አንቀምስም።"

"ደንበኛ!" አልኩት። "እኔ ደንበኛ ነኝ? የገብርኤልን ዳቦ የያዝኩ ሴት ነኝ እንጂ!"

ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣና መኪናው ውስጥ ገባ። ያ በሬ የሚያህለው ታጣቂ ዳቦውን አይቶ ምራቁን ሲውጥ ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ አየሁት። እሱም ገባ። እኔ ሰፌዴን ይዤ አስፋልት ዳር ቀረሁ። ከማኅበርተኞቹ አንዷ፣ ስሟን አልጠራም፣ በሳምንቱ ወፍጮ ቤት ውስጥ "ዳቦዋ ተመለሰባት" ብላ እንዳወራች ደርሶኛል። እሷም እንደደረሰኝ ታውቃለች።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከተረካቢው ጋር በማሸጊያ ቁጥር ብቻ ተነጋገርን። "እንዴት አደሩ" ይለኛል፤ "ቁጥሩን አንብብ" እለዋለሁ። እንዲህም ሆኖ ሥራውን ልነቅፍበት አልቻልኩም። ብዙ ፈለግኩ። ሰዓቱን አያሳልፍም። ብሩ ሲበዛ ዓይኑ አይሰፋም፣ ሲያንስ ፊቱ አይለወጥም። መንገድ ተዘግቶ በቆየባቸው ሳምንታት ያሸግኳቸውን ከረጢቶች ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ስጠብቅ፣ መንገዱ ሲከፈት ከአውቶቡሱ ቀድሞ አቧራ ለብሶ የደረሰው የእነሱ መኪና ነበር። የእያንዳንዱን ማሸጊያ ቁጥር አንድ በአንድ አነበበ። እሱም ደክሞት ነበር፣ እኔም ፈርቼ ከርሜ ነበር፤ አንድ ቃል ግን አላስቀረም። ይህን ሁሉ አይቼ ዳቦዬን አልረሳሁም።

ከዚያ ባለቤቴ ታመመ። ባሕር ዳር ሆስፒታል ይዤው ስሄድ ሱቁን የሚጠብቅ ሰው ጠፋ። ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ እህል ነጋዴ ነው። "እትዬ፣ እኔ እያለሁ ምን ያስጨንቅዎታል?" አለኝ። ቁልፉን ሰጠሁት። ሁለት ሳምንት ከባለቤቴ አልጋ አጠገብ መሬት ላይ ተኛሁ። ባለቤቴ ከዚያ አልጋ አልተነሣም።

ስለ ለቅሶው አልጽፍም። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ዋርሳዬ መለወጥ ጀመረ። መጀመሪያ ቀልድ አስመስሎ "እትዬ፣ ሱቁ ይሸጣል፣ ብሩ የት ነው?" ይል ነበር። ቀጥሎ ቀልዱ ቀረ። ገንዘቡ ማንኩሳ ያለችው እህቴ ዘንድ እንደሚሄድ፣ እዚያ ቤት እያሠራሁበት እንደሆነ በየቤቱ አወራ። እህቴ የዝናብ ውኃ በሚያፈስ ቤት ነው የምትኖረው። ከዚያ ሽማግሌ አስቀመጠ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ "የሱቁን ቁልፍ እኔ ልያዝላት፣ ሴት ብቻዋን ስለሆነች ገንዘቡ እየባከነ ነው" የሚል። ቁልፉ ከእጄ ከወጣ እንደማይመለስ እሱም ያውቅ ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር። ቁልፉን ያጣሁ ቀን እኔ በዋርሳዬ በር ላይ ቀለብ የምጠብቅ አሮጊት ነኝ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አንደኛው የንስሐ አባታችን። ከሦስቱ ትልቁ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ግን ያልደከመ አዛውንት ናቸው። ሮዝ ወረቀቶቹን ከነሽቦው አውርጄ አመጣሁላቸው። የተሸጠው ሁሉ የሱቁ ሒሳብ ውስጥ እንደገባ ያሳያል። ትልቁ ሽማግሌ በእጃቸው ዳሰስ አድርገው መለሱልኝ።

"ወረቀት አይምልም" አሉ። "ይህን የወሰደ ሰው አለ አይደለም? እሱ መጥቶ ይናገር።"

የአገራችን ሽማግሌ እንዲህ ነው። ፊርማና ማሕተም ያለበትን ነገር ትተው የሰው አፍ ይጠብቃሉ። ተረካቢውም ተጠራ። ሽማግሌ ጠርቶት የሚቀር ሰው የለምና፣ በዕረፍቱ ቀን፣ በእሑድ፣ ከፍኖተ ሰላም በአውቶቡስ መጣ። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከዛፉ ሥር ተቀምጠን ነበር። ያለ ደንብ ልብሱ፣ ጋቢ ለብሶ ሳየው መጀመሪያ አላወቅኩትም።

እሱ ከመናገሩ በፊት ትልቁ ሽማግሌ ዋርሳዬን አንድ ነገር ጠየቁት። በእኛ ዘንድ የታመመ ሰው እስትንፋሱ ሳይወጣ ንብረቱን ያነሣ ሰው ከሳሽ ሆኖ ሽማግሌ ፊት አይቆምም። ስለዚህ "ይህን ነገር መቼ አነሣኸው?" አሉት። ዋርሳዬ ከንስሐ አባታችን እጅ መስቀል ተሳለመና "ከተዝካሩ በፊት በአፌም በልቤም አልነበረም። ወንድሜ በሕይወት ሳለማ እንዴት ተደርጎ!" አለ። በፊት "እትዬ" ይለኝ የነበረው ሰው ያን ዕለት "ይህች ሴትዮ" እያለ ነበር የሚጠራኝ። ይህንንም ይዤበታለሁ።

ትልቁ ሽማግሌ ወደ ተረካቢው ዞሩ።

"የዚህችን ሴት ገንዘብ የምትወስደው አንተ ነህ?"

"የታሸገ ከረጢት የምወስደው እኔ ነኝ አባቴ።"

"ስንት ነበር? ባሏ ከሞተ ወዲህ ቀንሷል ወይስ እንደድሮው ነው?"

"አልናገርም አባቴ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "ለእርሷ የሚጠቅም ቢሆንስ?" አሉ የንስሐ አባታችን።

"ቢጠቅምም አባቴ። የሰው ገንዘብ እሸከማለሁ፤ አላወራውም። ውሌም እንዲያ ነው፣ ውሉ ባይኖርም እንዲያው ነኝ።"

እኔ መታገሥ አቃተኝ። ተነሥቼ ቆምኩ። "ተናገር!" አልኩት። "ገንዘቡ የእኔ ነው፤ እኔ ፈቅጄልሃለሁ! ዳቦዬን እምቢ አልክ፣ ዛሬ ደግሞ አፍህን ልትነሣኝ ነው?"

ተረካቢው ቀና ብሎ አየኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ፊቴን ሲያይ ያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር። "እትዬ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ዛሬ ለእርስዎ ብዬ ከተናገርኩ፣ ነገ ሌላው ሲጠይቀኝ ስለ እርስዎ እናገራለሁ።"

በዚህ ጊዜ ነው ዋርሳዬ ጉልበቱን በእጁ መትቶ የሳቀው። ሰውየው ለእኔ አለመናገሩ ደስ ብሎታል። "ድንጋይ ነው አላልኳችሁም! ይህን ሰው በምን ታናግሩታላችሁ? እኔ በግ አርጄለት እንኳ አልተነፈሰም!"

 

"በግ?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

"ሙክት ነው እንጂ! ሱቁ ውስጥ አሰናድቼ ጠበቅኩት። ገንዘቡ በወር ስንት እንደሚሆን ብቻ ንገረኝ አልኩት። ቁጭ እንኳ አልልም አለ። ቁጥሩን አንብቦ፣ ወረቀቱን አስጨብጦኝ ሄደ።"

"ሱቁ ውስጥ" አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። "አንተ ሱቁ ውስጥ የነበርክበት ጊዜ መቼ ነው?"

ያኔ ገባው። እሱ ሱቁን የጠበቀው እነዚያን ሁለት ሳምንታት ብቻ ነው። ወንድሙ ባሕር ዳር በአልጋ ላይ ሆኖ "ወንድሜ ደወለ?" እያለ ይጠይቀኝ የነበረበት ጊዜ ነው። እኔም "ሱቁን እየጠበቀልን ነው፣ ሰው ማለት እሱ ነው" እያልኩ አጽናናው ነበር።

"በጉን ማን በላው?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

"እኛው..." አለ ዋርሳዬ።

"ከአፍ የወጣ አፋፍ" አሉ ሽማግሌው። የንስሐ አባታችን ዋርሳዬ ተሳልሞት የነበረውን መስቀል ወደ ደረታቸው ሰበሰቡት። ቁልፉ ከእኔ ጋር ይሁን፣ ከሳሹም ነገሩን ዳግም እንዳያነሣ ተባለ። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ሽቦዬን መልሰው አስመጡና "አንድ ዲያቆን ጥሩልኝ፣ ወረቀቶቹን ያንብብልኝ፤ አሁንማ ልስማቸው" አሉ። ዲያቆኑ ሲያነብ ዋርሳዬ የቆየባቸው የሁለት ሳምንታት ወረቀቶችም ሳይጎድሉ ተገኙ። ያ ሰው እሱንም ወረቀቱን ሳያስይዘው አልወጣም ነበርና።

እኔ በዚያ ሁሉ መሀል የማስበው ስለ በጉ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ዳቦዬ የተናቀ መስሎኝ አኩርፌያለሁ። ለካ ያ አፍ የእኔን ድፎ እምቢ ያለው የዋርሳዬን ሙክት እምቢ ሊል ነው። ዳቦዬን ቀምሶ ቢሆን ኖሮ ሙክቱን በምን ምክንያት ይመልሰው ነበር? ሁለት ሳምንት ሙሉ የእኔ ጓዳ ቁልፍ የነበረው በዚያ ዝምተኛ ሰው ጥርስ መካከል ነው፤ ይህንንም አንድ ቀን አልነገረኝም። ዋርሳዬ እንዲህ አድርጎ ነበር ብሎ ሹክ ቢለኝ ኖሮ ወዳጄ አደርገው ነበር። እሱን እንኳ አላደረገም። በእኔ ዕድሜ ብዙ ቁጥብ ሰው አይቻለሁ፤ ራሴንም ከእነሱ እቆጥር ነበር። እንደ እሱ ያለ ግን አላየሁም።

ከቅጥሩ ስንወጣ ላመሰግነው አሰብኩ። በፊቴ እየሄደ ነበር። "አውቶቡሱ አያምልጥህ" አልኩት። "እሺ እትዬ" አለኝ። ያ ነው የተባባልነው።

በሚቀጥለው ሳምንት መኪናው ሲመጣ ገበያ ነበር። ደንበኞቼን ራሴ አስወጣሁ፤ በሩን ራሴ ዘጋሁ። ተረካቢው አፉን ሳይከፍት የማሸጊያውን ቁጥር እኔ ቀድሜ አነበብኩለት። እሱም ደግሞ አነበበው። "እንዴት አደሩ?" አለኝ ከዚያ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩት።

የማኅበሩ ተራ እንደገና ሲደርሰኝ ግቢዬ በሴቶች ሞልቶ ሳለ መኪናው መጣ። ያቺ ወፍጮ ቤት ያማችኝ ሴት ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ "ምነው፣ ዘንድሮ አታቀምሻቸውም?" አለችኝ፤ ሁሉም እንዲሰማላት።

"ሥራ ላይ ናቸው" አልኳት፤ እኔም ሁሉም እንዲሰማልኝ። ባዶ እጄን ወጥቼ በሩን ዘጋሁና ከረጢቴን አስረከብኩ።

መኪናው ሲሄድ ያ በሬ የሚያህለው ታጣቂ በጠባቧ መስኮት ወደ ግቢዬ አየ፤ ጉሮሮው ወጣና ወረደ። እሱ ላይ አልፈርድም። ዳቦዬ ጥሩ ዳቦ ነው።